ብራዚል ከቡና ወዲህ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ባለፈው ዓምዴ ብራዚል ከቡና ሻጭነት ተነሥታ ብረት፣ ነዳጅና አውሮፕላን ወደ ውጭ የምትልክ አገር ለመሆን እንዴት እንደበቃች በአጭሩ ጽፌ ነበር። ከጅማና ከዙሪያዋ ወረዳዎች ቡና የሚነግዱ፣ የሚያርሱ፣ የሚማሩና የሚያስተምሩ አንባቢያን ብዙ ጥያቄዎች ልከውልኛል፤ ተመሳሳዮቹን በአንድ ላይ አድርጌ ከዚህ በታች መልሻለሁ። የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በአጋሮ ቡና አቅራቢ ነኝ። እኛም ብራዚልም ቡና ሻጮች ነን። እነሱ በቡና ገንዘብ ፋብሪካ ሲተክሉ እኛ ለምን ከጀንፈል (ከነቅርፊቱ ከደረቀ ቡና) እና ከታጠበ ቡና አላለፍንም? ምርታቸው ስለበዛ ብቻ ነውን?

መልስ፦ ብዛቱ አንድ ምክንያት ነው፤ ዛሬም ከዓለም ቡና ሲሶ ያህሉ የሚመረተው ብራዚል ውስጥ ነው። ዋናው ነገር ግን የቡናው ገንዘብ የገባበት ቦታ ነው። በ1867 የሳንቶስን ወደብ ከሳኦ ፓውሎ ደጋ ጋር ያገናኘው የባቡር ሐዲድ ሥራ ከጀመረ በኋላ ባለ እርሻዎቹ ትርፋቸውን በተጨማሪ ሐዲድ፣ በባንክና በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ላይ አዋሉት። ባርነት በ1888 ሲሻር ደግሞ ከጣሊያንና ከሌሎች የአውሮፓ አገሮች ብዙ ሠራተኛ ገባ፤ ይህ ደመወዝተኛ ሕዝብ ሸማ፣ ጫማና ሳሙና ገዢ ስለነበረ የሳኦ ፓውሎ የመጀመሪያዎቹ ፋብሪካዎች ገበያቸውን በደጃፋቸው አገኙ። ነፃ የወጡት ጥቁሮች ግን መሬትም ካሣም አልተሰጣቸውም፤ የዚያ በደል ጠባሳ እስከ ዛሬ በብራዚል የገቢ ልዩነት ውስጥ ይታያል።

ከዚያ በኋላ የመጣው መከራ ነው። ከ1906 ጀምሮ የቡና አምራች ክፍላተ ሀገራት መንግሥታት ዋጋ እንዳይወድቅ ትርፍ ቡና እየገዙ ማከማቸት ጀመሩ፤ ዋጋው ሲደገፍ ተካዩ በዛ፤ በ1929 የዓለም ገበያ ሲንኮታኮት መጋዘኖቹ ሞልተው ነበር። ከ1931 እስከ 1944 ድረስ በየከረጢቱ 60 ኪሎ የሚይዝ ወደ 78 ሚሊዮን ከረጢት ቡና ተቃጠለ፣ ባሕር ውስጥም ተጣለ። የውጭ ምንዛሪ በመጥፋቱ የውጭ ዕቃ ተወደደ፤ ቀድሞ የተተከሉት ፋብሪካዎችም የአገር ውስጥ ገበያውን መሙላት ቻሉ። በ1930 ሥልጣን የያዘው የጌቱሊዮ ቫርጋስ መንግሥት በ1941 የብረት ኩባንያ አቋቋመ፤ በ1952 የልማት ባንኩ፣ በ1953 የነዳጅ ድርጅቱ ፔትሮብራስ ተከተሉ፤ አውሮፕላን ሠሪው ኢምብራየር ደግሞ በ1969 ተመሠረተ። ችግር ብቻውን ፋብሪካ አይተክልም፤ ብራዚልን የጠቀማት ችግሩ ሲመጣ ሐዲዱ፣ መብራቱና የእጅ ባለሙያው አስቀድሞ መኖሩ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልዎት። ብዙዎቻችን ብራዚል የከበረችው ቡናን ቆልታና ፈጭታ በመሸጥ ይመስለናል። ዛሬም ወደ ውጭ የምትልከው ቡና አብዛኛው ያልተቆላ ጥሬ ቡና ነው። ልዩነቱ ቡና ከጠቅላላ የወጪ ንግድ ገቢዋ ጥቂት በመቶ ብቻ መሆኑ ነው፤ አኩሪ አተር፣ የብረት ማዕድንና ድፍድፍ ነዳጅ ይበልጡታል። ስለዚህ ቆልቶ መሸጥ መልካም ቢሆንም የቡናው ብር ከቡና ውጭ ምን ሠራ የሚለውን ጥያቄ አይተካውም።

ጥያቄ፦ በጅማ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። የብራዚል ኢኮኖሚ ከ1968 እስከ 1973 በዓመት በአማካይ ከ10 በመቶ በላይ አድጎ ነበር ይባላል። ታዲያ ድህነቱ ለምን አብሮ አልጠፋም?

መልስ፦ አኃዙ ትክክል ነው፤ ዘመኑም «የብራዚል ተአምር» ተብሎ ይጠራል። ነገር ግን በ1964 ሥልጣን የያዘው ወታደራዊ መንግሥት የሠራተኛ ማኅበራትን አፍኖ፣ የዝቅተኛው ደመወዝ የመግዛት አቅም እንዲወርድ አድርጎ ነበር። አዲሶቹ ፋብሪካዎች የተማረ ሰው ሲፈልጉ የተማረው ጥቂት ስለነበረ የጥቂቶቹ ደመወዝ ወደ ላይ ተወነጨፈ፤ የ1960ና የ1970 የሕዝብ ቆጠራዎች ሲነጻጸሩ የገቢ ልዩነቱ መስፋቱን ያሳያሉ። በ1980 እንኳ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በላይ ከሆኑት ብራዚላውያን ሩብ ያህሉ ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር። እድገቱም ከጊዜ ወደ ጊዜ በውጭ ብድር ላይ እየተደገፈ ሄዷል፤ ነዳጅ በ1973ና በ1979 ሲወደድ፣ የአሜሪካ ወለድም ሲያሻቅብ በ1982 የዕዳው ቀውስ ደረሰ። ተማሪዎችዎ የእድገት አኃዝ ሲሰሙ የማን ገቢ እንዳደገና ወጪው በማን ገንዘብ እንደተሸፈነ እንዲጠይቁ ቢያስለምዷቸው ትልቅ ትምህርት ነው።

ጥያቄ፦ በሂርማታ መርካቶ ሸቀጥ እሸጣለሁ። ስሸጥ ያተረፍኩ ይመስለኛል፤ በዚያው ገንዘብ መልሼ ላመጣ ስሄድ ግን ያንኑ ያህል ዕቃ አይገዛልኝም። ብራዚል የዋጋ ንረትን እንዴት አቆመችው?

መልስ፦ የብራዚል ባለ ሱቆች ይህንን ችግር በባሰ ሁኔታ አይተውታል። በ1993 ዋጋ በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ 2,500 በመቶ ጨምሯል። ሠራተኛው ደመወዙን በተቀበለበት ቀን የወሩን አስቤዛ በሙሉ ለመሸመት ይሮጥ ነበር፤ በትልልቅ መደብሮች ደግሞ የዋጋ ወረቀት መለጠፊያ የያዘ ሠራተኛ ከመደርደሪያ ወደ መደርደሪያ እየሄደ በትናንቱ ዋጋ ላይ የዛሬውን ይለጥፍ ነበር። መንግሥት ከ1986 ጀምሮ ደጋግሞ ዋጋን በዐዋጅ አገደ፤ የገንዘቡን ስም ለወጠ፤ ዜሮዎችን ቀነሰ። በየጊዜው ዕቃ ከመደርደሪያ ይጠፋና እገዳው ሲላላ ንረቱ ብሶበት ይመለሳል። በ1990 ደግሞ ሕዝቡ በባንክ ያስቀመጠው ተቀማጭ ከተወሰነ መጠን በላይ እንዳይወጣ ተደረገ፤ ከዚያ በኋላ መንግሥትን የሚያምን ጠፋ።

በ1994 የተሞከረው መንገድ የተለየ ነበር። የገንዘብ ሚኒስትሩ ፈርናንዶ ኤንሪኬ ካርዶዞና አብረዋቸው የነበሩት የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች መጀመሪያ የመንግሥትን በጀት አጠበቡ። ቀጥሎ ከማርች 1 ጀምሮ እንደ ወረቀት ገንዘብ የማይታተም፣ ዋጋ ለመለካት ብቻ የሚያገለግል አሃድ አወጡ። ማዕከላዊ ባንኩ አንዱ አሃድ ስንት ክሩዜይሮ እንደሆነ በየቀኑ ያሳውቃል፤ በመጀመሪያው ቀን 647.50 ነበር። ባለ ሱቁ የአንድን ዕቃ ዋጋ 1 አሃድ ካለ ነገም 1 አሃድ ነው፤ በየቀኑ የሚለወጠው ገዢው የሚቆጥረው ክሩዜይሮ ብቻ ነው። ደመወዝ፣ ኪራይና ውል ቀስ በቀስ በዚህ አሃድ መጻፍ ጀመሩ፤ ሕዝቡም ለአራት ወራት ያህል የማይንቀሳቀስ ዋጋ ማየት ለመደ። በጁላይ 1 አሃዱ ራሱ በ2,750 ክሩዜይሮ ተመንዝሮ ሬያል የተባለ ገንዘብ ሆነ። በጁን ወር ብቻ 47 በመቶ የነበረው ንረት በሴፕቴምበር ከ2 በመቶ በታች ወረደ።

ዋጋ ያላስከፈለ መፍትሔ ግን አልነበረም። ወለዱ እጅግ ከፍ ብሎ ቆየ፤ ሬያሉ ከአቅሙ በላይ ውድ ሆኖ በመያዙ ላኪዎችን ጎዳ፤ መንግሥትም በ1999 በገበያ እንዲተመን ለመልቀቅ ተገደደ። የእኛ ንረትም ምንጩ ሌላ ነው። በብራዚል ደመወዝና ውል ሁሉ ከትናንቱ ንረት ጋር በሕግ ስለተሳሰረ ንረቱ ራሱን ይወልድ ነበር፤ በእኛ አገር ግን የምግብ አቅርቦት ማነስ፣ የውጭ ምንዛሪ እጥረትና የመንግሥት ጉድለት ለብዙ ዓመታት በብሔራዊ ባንክ ብድር ሲሸፈን መቆየቱ ያመዝናሉ። ስለዚህ አሃዱን ብንቀዳው አይጠቅመንም። ልንወስደው የሚገባን፣ አቅርቦት ሳይኖር ዋጋን በዐዋጅ ማገድ የእርስዎን መደርደሪያ ባዶ ከማድረግ በቀር ለውጥ እንደማያመጣና በጀቱ ሳይጠብቅ የሚነገር ተስፋ እንደማይጸና ነው።

ጥያቄ፦ በቀርሳ ወረዳ የግብርና ባለሙያ ነኝ። ማዳበሪያ እየተደረገበት በቆሎው ቢጫ ሆኖ ይቀጭጫል፤ አፈሩ አሲዳማ ሆኗል። ብራዚል እንዲህ ያለውን መሬት አክማ ዓለምን ትመግባለች ሲባል ሰምቻለሁ፤ እውነት ነውን?

መልስ፦ እውነት ነው፤ ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ ለእኛ አካባቢ የሚቀርበውም ይህ ነው። በብራዚል መሃል ሴራዶ የሚባል፣ ወደ 2 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ የሣርና የቁጥቋጦ ምድር አለ፤ ይህም የኢትዮጵያን ስፋት እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። እስከ 1960ዎቹ ድረስ ከከብት ግጦሽ በቀር አይረባም ይባል ነበር። ምክንያቱ እርስዎ የሚያውቁት ነው፦ አፈሩ አሲዳማ ሲሆን አሉሚኒየም ይሟሟና የሥሩን ጫፍ ያቀጭጨዋል፤ ፎስፈረሱም ከአፈሩ ጋር ስለሚታሰር ገበሬው የከፈለበት ማዳበሪያ ለተክሉ ሳይደርስ ይቀራል።

በ1973 ሥራ የጀመረው ኢምብራፓ የተባለው የግብርና ምርምር ድርጅት በመቶዎች የሚቆጠሩ ወጣት ባለሙያዎችን ወደ ውጭ ልኮ አስተማረ፤ ምርምሩንም በየሥነ ምህዳሩ ውስጥ በተከፈቱ ማዕከላት አካሄደ። በሄክታር በርካታ ቶን የእርሻ ኖራ ተበትኖ ከአፈሩ ጋር ታረሰ፤ ፎስፈረስ ተጨመረ፤ የቀዝቃዛ አገር ተክል የነበረው አኩሪ አተር የቀኑ ርዝመት እምብዛም በማይለዋወጥበት ሞቃት ምድር እንዲያፈራ ተዳቀለ። ከሳይንቲስቷ ዮሐና ዶበራይነር ምርምር የተነሣም አኩሪ አተሩ ናይትሮጅንን በባክቴሪያ አማካይነት ከአየር እንዲያገኝ ስለተደረገ የናይትሮጅን ማዳበሪያ ወጪ ቀረ። ከእነዚህ አንዱ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ባልሠራም ነበር። ዛሬ በአኩሪ አተር ምርት ከዓለም አንደኛ ብራዚል ናት። በሌላ በኩል ከሴራዶ የተፈጥሮ ዕፅዋት ግማሽ ያህሉ ጠፍቷል፤ መሬቱም በአብዛኛው በትልልቅ እርሻዎች እጅ ነው፤ ከማዳበሪያዋም ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ከውጭ ይገባል። እኛ ጫካችንን ለቡናችን ስለምንፈልገው ይህንን ክፍል መቅዳት የለብንም።

ዕውቀቱ በእጃችን አለ። በመልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል በ1967 ስለተቋቋመ ከኢምብራፓ ይቀድማል፤ በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ሲገባ በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን መርጦ ያወጣ ማዕከል ነው፤ ገበሬዎቻችን በቁጥር የሚጠሯቸው 74110ና 74112 የዚያ ሥራ ፍሬዎች ናቸው። የጎደለን ኖራውን ከዘር በፊት ማሳው ላይ ማድረስ ነው። ለአንድ ሄክታር ከ20 እስከ 40 ኩንታል ሊያስፈልግ ስለሚችል ከኖራው ይልቅ የመጓጓዣው ዋጋ ይከብዳል፤ መፍጫው በቅርብ ካልተተከለና ብድር ካልተዘጋጀ ባለ አንድ ጥማድ ገበሬ ብቻውን አይችለውም። በሥራዎ ላይ ግን አፈሩን ሳያስመረምሩ ኖራ አያስበትኑ፤ ከዘር ሳምንታት ቀደም ብሎ ከአፈሩ ጋር በደንብ ይታረስ፤ ማዳበሪያን እንደማይተካም ለገበሬው ይንገሩት። ቡና መጠነኛ አሲድ ያለበትን አፈር ስለሚወድ ከቡና ሥር በዘፈቀደ እንዳይበተን ይጠንቀቁ።

ጥያቄ፦ በማና ወረዳ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። ብራዚል ለድሆች በየወሩ ገንዘብ ትሰጣለች ይባላል። ከእኛ ሴፍቲኔት በምን ይለያል? ሰውን ሥራ ፈት አያደርግምን?

መልስ፦ ቦልሳ ፋሚሊያ የተባለው መርሐ ግብር በ2003 ተጀመረ። ገንዘቡ በአብዛኛው ለእናቶች በካርድ ይከፈላል፤ ግዴታው ልጆች ትምህርት ቤት እንዲሄዱና እንዲከተቡ፣ ነፍሰ ጡሮችም ክትትል እንዲያደርጉ ነው። በ2005 የተጀመረው የእኛ ሴፍቲኔት ግን መሥራት የሚችለውን በእርከንና በመንገድ ሥራ ያሳትፋል፤ ቀጥታ ድጋፍ የሚሰጠው መሥራት ለማይችለው ነው። የቦልሳ ፋሚሊያ ክፍያ ከደመወዝ በእጅጉ የሚያንስ በመሆኑ ሥራ ለማስተው አይበቃም፤ መንግሥትንም ለብዙ ዓመታት ያስወጣው ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ከመቶ ግማሽ ያህሉን ብቻ ነበር። ሆኖም የብራዚል ድህነት የቀነሰው በእርሱ ብቻ አይደለም፤ በዚያው ዘመን ሥራ መስፋቱና ዝቅተኛው ደመወዝ ማደጉ የበለጠ ድርሻ ነበራቸው። እርስዎ ቤት ለቤት እየዞሩ የሚይዙት መዝገብ እንዲህ ያለ ሥራ የሚጀመርበት መሠረት ነው፤ የብራዚልም ክፍያ የቆመው በአንድ የተባበረ የድሆች መዝገብ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ኢትዮጵያ ብራዚል፣ ሩሲያ፣ ሕንድና ቻይና በመሠረቱት ብሪክስ በተባለው የአገሮች ማኅበር ውስጥ መግባቷ ከብራዚል ጋር ምን ያቀራርባታል?

መልስ፦ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ አባል ነን። ማኅበሩ የመነጋገሪያ መድረክ እንጂ ቀረጥ የሚያነሣ የንግድ ውል አይደለም። የምናተርፈው ጠይቀን ስንወስድ ነውና እኔ ብሆን በመጀመሪያ የምጠይቀው የኢምብራፓን ባለሙያዎች ነበር።

ጥያቄ፦ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ብራዚል ይህን ሁሉ ሠርታ ለምን እንደ ደቡብ ኮሪያ ሀብታም አልሆነችም?

መልስ፦ ደቡብ ኮሪያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከብራዚል ድሃ ነበረች፤ ነገር ግን ልጆቿን በሙሉ ቀድማ አስተማረች፣ ፋብሪካዎቿንም በዓለም ገበያ እንዲወዳደሩ አስገደደች። ብራዚል ለአገር ውስጥ ገበያ ብቻ የሚያመርቱትን ከውድድር ከልላ ለረዥም ጊዜ አቆየች፤ ትምህርትን ለሁሉ ማዳረስም የጀመረችው ዘግይታ ነው። በዚህ ላይ ወለዱ ከፍተኛ፣ ግብሩም ውስብስብ ነው፤ የሽያጭ ግብሮቹን ለማቅለል የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የጸደቀው በ2023 ነው። በ2015ና በ2016 ኢኮኖሚው በተከታታይ ከ3 በመቶ በላይ ቀንሷል፤ በ2023ና በ2024 ደግሞ በየዓመቱ 3 በመቶ ገደማ አድጓል። እንዲህ ከፍ ዝቅ የሚል እድገት ካፒታል ለሚያፈስ ሰው ልብ አይሰጥም።

ጥያቄ፦ የሊሙ ቡና አምራች ነኝ። ብራዚልን ውርጭ ወይም ድርቅ ሲመታት ቡናችንን ብንይዘው ይሻለን ይሆን?

መልስ፦ በጁላይ 1975 ውርጭ የፓራና ክፍለ ሀገርን ቡና ሲያወድመው ዋጋ እስከ 1977 ድረስ ሰማይ ነክቷል፤ ከ2024ቱ ድርቅ በኋላም በፌብሩዋሪ 2025 አንድ ፓውንድ የአረቢካ ቡና በኒው ዮርክ ከ4 ዶላር በላይ ወጥቷል። ግን ብራዚል መልሳ ስትተክልና ስታመርት ዋጋው መውረዱ አይቀርም፤ መቼ እንደሚወርድ ደግሞ ማንም ቀድሞ አያውቅም። ደርቆ በደንብ የተቀመጠ ጀንፈል ካለዎት ከፊሉን ሸጠው ዕዳዎንና የለቀማ ወጪዎን ይዝጉ፤ የሚያቆዩት ቢወርድም የማይጎዳዎትን ያህል ብቻ ይሁን። በከፍተኛው ዋጋ ያገኙትን ደግሞ ያረጀውን ቡና ለመጎንደልና ለአዲስ ችግኝ ያውሉት፤ ዋጋው ሲወርድ ከዚያው ማሳ የበለጠ ኪሎ ይለቅማሉና።