ሳንባ ላይ የታየ ሲስት ሁሉ ቲቢ አይደለም

ጥያቄ፦ 46 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ። ዓይኔና አፌ ከደረቁ ዓመታት ሆኗቸዋል፤ እንጀራ እንኳን ያለ ውኃ አይወርድልኝም። ደረቅ ሳል ሲጸናብኝ ሲቲ ስካን ተነሣሁና «በሁለቱም ሳንባ ብዙ ሲስት (አየር የቋጠረ ከረጢት) አለ» ተባልኩ። አክታዬ ሁለት ጊዜ በጂን ኤክስፐርት የቲቢ ምርመራ ታይቶ ነጻ ነው። ቤተሰቦቼ ግን «ቲቢ ነው፣ መድኃኒቱን ጀምሪ» ይሉኛል። ካንሰር ይሆን እንዴ?

መልስ፦ እህታችን፣ የቲቢ መድኃኒት በግምት አይጀምሩ። የአፍና የዓይን ድርቀት ከሳንባ ሲስት ጋር ሲመጣ ቀድሞ የሚጠረጠረው ሾግረን ነው፤ የሰውነት መከላከያ የራሱን የእንባና የምራቅ ዕጢዎች የሚያጠቃበት ሕመም። ሊምፎሳይት የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች በትንንሾቹ የአየር ቧንቧዎች ዙሪያም ይከማቻሉ። ቧንቧው ሲጠብ አየሩ ይገባል እንጂ እንደልቡ አይወጣም፤ ከጀርባው ያለው ክፍል እየተነፋ ሲስት ይሆናል ተብሎ ይታሰባል። ይህ ሊምፎሳይቲክ ኢንተርስቲሻል ኒሞኒያ ይባላል። አይተላለፍም፤ ካንሰርም አይደለም።

በሲቲ ፊልሙ ላይ የቲቢ ዋሻ (ቲቢ ሳንባን በልቶ የሚተወው ክፍተት) ብዙውን ጊዜ በላይኛው ሳንባ ላይ ሆኖ ግድግዳው ወፍራም ነው። የሾግረን ሲስት ግድግዳ ግን እንደ ወረቀት ስስ ነው፤ ይበልጥ ወደ ታች፣ በደም ሥሮች አጠገብ ይታያል። ስለዚህ ሲቲው ሳንባውን ከፋፍሎ የሚያሳይበት የእያንዳንዱ የምስል ቁራጭ ውፍረት ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ በ5 ሚሊ ሜትር ቁራጭ ስሱ ግድግዳ ይጠፋል። አየር ስበው ይዘው፣ ከዚያም አስወጥተው ይነሡ። ለዚህ በደም ሥር የሚሰጥ ማቅለሚያ አያስፈልግም። ለሐኪሙ ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ሲዲውን ይስጡት።

ቀጥሎ የአንቲ ሮ (በሾግረን የሚገኝ ፀረ እንግዳ አካል) የደም ምርመራ ይጠይቁ። የዓይን ሐኪም በታችኛው የዓይን ቆብ ውስጥ ወረቀት አድርጎ እንባን ይለካል፤ በ5 ደቂቃ 5 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ከራሰ ድርቀቱ እውነተኛ ነው። የደም ምርመራው ካልለየ ከታችኛው ከንፈር ውስጠኛ ክፍል ትንሽ ናሙና ይወሰዳል። ኤችአይቪም ይታይ፤ ተመሳሳይ የሳንባ ምስል ያመጣልና።

የሳንባ ናሙና ሁልጊዜ አያስፈልግም። ከ1 ሴንቲ ሜትር የበለጠ ጠጣር እብጠት፣ በሳንባ ዙሪያ ውኃ፣ የማይጎድል የጉንጭ ዕጢ እብጠት ወይም የክብደት መቀነስ ካለ ግን ሊምፎማ (የሊምፎሳይት ካንሰር) መሆን አለመሆኑ በናሙና ይጣራ።

በጣት ላይ በሚደረግ መሣሪያ የደምዎን ኦክስጅን ሲለኩ ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ መሆኗ አይዘንጋ፤ 93 በመቶ ብቻውን አያስደነግጥም። ስድስት ደቂቃ ተራምደው በ4 ነጥብ ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ግን ለሐኪሙ ይንገሩ። ጥፍርዎ እንሶስላ ከሞቀ ባልቀለመው ጣት ይለኩ።

ድንገት ደረትዎን በአንድ ጎን ወግቶ ትንፋሽ ካጠረዎት ሲስት ፈንድቶ ሊሆን ይችላልና በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።