ብስክሌቴን ባጠብኩ ቁጥር ለምን ይዘንባል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ክረምት ሲቃረብ ለዚህ ዓምድ የሚደርሱን ደብዳቤዎች በቀልድ የተሞሉ ናቸው። ከዚህ በታች ያሉት አራቱም በቀልድ የተጻፉ ቢሆኑም የሚያነሱት ጉዳይ ፍሬንን፣ ካቴናን፣ አልፎም ሕይወትን የሚነካ ስለሆነ በዝርዝር መልሰናል።

ጥያቄ፦ ጓደኞቼ «ዝናብ ከጠፋ ለእሱ ባልዲ ስጡት» እያሉ ይስቁብኛል። ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ አይቼ ብስክሌቴን አጥባለሁ፤ ከሰዓት ዶፍ ይወርዳል። በክረምት ማጠብ ትርፉ ድካም ነው ማለት ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ጓደኞችዎ የሚስቁበት ነገር እውነተኛ ምክንያት አለው። በክረምት አየሩ እርጥበት ተሸክሞ ነው የሚውለው። ጠዋት ሰማዩ ከጠራ ፀሐይዋ መሬቱንና ተራራውን ታሞቃለች፤ የሞቀው አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ የያዘው እርጥበትም ደመና ይሆናል። እርስዎን ለማጠብ ያነሳሳዎት ፀሐይ የከሰዓቱንም ዶፍ የምታዘጋጀው እሷው ናት። ረፋዱ ላይ ደመናው እንደ ተባዘተ ጥጥ ወደ ላይ እየተከመረ ከሄደና ሥሩ ከጠቆረ፣ ከ8 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ መንገድ ላይ እንዳይሆኑ ያስቡ።

ማጠቡን ግን አይተዉ፤ ሰዓቱን ብቻ ይለውጡ። ብስክሌትን የሚበላው ዝናቡ ሳይሆን ከውሃው ጋር እየተረጨ ካቴናው ላይ የሚለጠፈው አሸዋ ነው። ስለዚህ የሚታጠበው ከጭቃ መንገድ እንደተመለሱ፣ ጭቃው ሳይደርቅ ነው። አንድ ባልዲ ውሃ፣ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙናና ስፖንጅ ይበቃል። ላቫጆ ወስደው በኃይለኛ ውሃ አያስመቱት። ያ ውሃ የጎማው መሃልና የፔዳሉ ኩሽኔታዎች ውስጥ ዘልቆ ግራሶውን ያጥበዋል፤ ከሳምንታት በኋላ ጎማው ሲዞር እንደ አሸዋ የሚያፋጨው በዚህ ምክንያት ነው።

ካቴናውን በላምባ በራሰ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ላምባው ፍሬኑና ቸርኬው እንዳይነካ ይጠንቀቁ። በደረቅ ጨርቅ አድርቀው በየመገጣጠሚያው አንድ አንድ ጠብታ ዘይት ያንጠባጥቡ። መርፌው የወጣለት ሲሪንጅ ለዚህ ሥራ ምቹ ነው። ፔዳሉን ወደ ኋላ 20 ጊዜ ያህል ያዙሩት፣ ጥቂት ደቂቃ ይታገሱ፣ ከዚያ ውጪውን አጥብቀው ይጥረጉት። ዘይት የሚያስፈልገው ውስጡ ነው፤ ውጪ የቀረው አቧራ ከመሰብሰብ በቀር ጥቅም የለውም። የስፌት መኪና ዘይት ቀጭን ስለሆነ አንድ ዶፍ ያጥበዋል። ጋራዥ የሚሰጠው የተቃጠለ ዘይት ደግሞ የብረት ብናኝና ጥላሸት ስላለበት ካቴናውን ይሞርደዋል። የብስክሌት ዘይት ከጠፋ አዲስ የሞተር ዘይት በጥቂቱ መጠቀም ይሻላል።

ክረምቱ ሲወጣ ካቴናውን በማስመሪያ ይለኩት። ከአንድ ፒን መሃል ተነስተው 24 ክፍተት ቆጥረው የሚደርሱበት ፒን መሃል ድረስ አዲስ ካቴና 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። 306 አካባቢ ከደረሰ ምትክ ይግዙ። 308 እስኪደርስ ከጠበቁ የኋላውን ጥርሶችም አብሮ ስለሚበላ ወጪው እጥፍ ድርብ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ቤቴ ሐይቁ አጠገብ ነው፣ ሥራዬ ወደ ምሥራቅ። በማለዳ ስሄድ ነፋሱ ከፊቴ፣ ከሰዓት ስመለስም ከፊቴ። የሥራ ባልደረቦቼ «ነፋሱም ደመወዝ ይከፈለዋል» ይላሉ። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አልተሳሳቱም። ሐዋሳ ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ የተቀመጠች ከተማ ናት። ሌሊት የብሱ ከሐይቁ ቀድሞ ስለሚቀዘቅዝ እስከ ማለዳ ድረስ ለስለስ ያለ ነፋስ ከየብስ ወደ ሐይቅ ይነፍሳል። ቀን ደግሞ የብሱ ቶሎ ይሞቅና ነፋሱ አቅጣጫውን ይቀይራል፤ ከረፋድ በኋላ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይመጣል። ሌላ ከባድ ነፋስ በሌለበት ቀን፣ እርስዎ በሚጓዙበት ሰዓትና አቅጣጫ ሁለቱንም ፊት ለፊት ይቀበላሉ። መመለሻዎን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ማድረግ ከቻሉ የሐይቁ ነፋስ ይበርዳል፤ ያኔ ግን የፊትና የኋላ መብራት ግድ ነው።

ነፋሱ አንዱን ጉዞ ብቻ ለሚገጥማቸውም ስሌቱ አያዋጣም። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው 10 ኪሎ ሜትር ሄዶ ሲመለስ 60 ደቂቃ ይፈጅበታል። ነፋሱ ፍጥነቱን ሲሄድ ወደ 15 ዝቅ፣ ሲመለስ ወደ 25 ከፍ ቢያደርግለት 40 እና 24፣ በድምሩ 64 ደቂቃ ይሆናል። ከኋላ የሚገፋው ነፋስ የወሰደውን ጊዜ አይመልስም፤ ከጉዞው ጊዜ አብዛኛውም በትግል ያልፋል። የአየሩ ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ በሰዓት 20 እየነዱ 10 ኪሎ ሜትር ነፋስ ከፊት ቢመጣ፣ አየሩ የሚገፋዎት ነፋስ ከሌለበት ቀን በ2.25 እጥፍ በልጦ ነው። ስለዚህ ፍጥነቱን ለመጠበቅ አይታገሉ። ማርሹን ያቅልሉ፣ እግርዎ በደቂቃ ከ70 እስከ 80 ዙር ይሂድ፣ ክርንዎን አጥፈው ዝቅ ይበሉ። የሚርገበገብ ጃኬት ካለም ዚፑን ይዝጉ።

ጥያቄ፦ ፀሐይ እየወጣ ሲያካፋ ልጆች «ጅብ ወለደች» ይላሉ። የእኔ ፍሬን የሚከዳኝ ደግሞ የሚገርመው በዚያች በትንሿ ዝናብ እንጂ በዶፉ አይደለም። ጅቧ ከእኔ ጋር ምን አላት? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ካፊያው ከዶፉ ይልቅ አደገኛ የሚሆንበት ምክንያት አለው። በደረቅ ቀናት አስፋልቱ ላይ ዘይት፣ የጎማ ብናኝና አቧራ ይከማቻል። ዶፍ ጠርጎ ይወስደዋል፤ ካፊያ ግን ለውሶ ቅባት ያደርገዋል። የመጀመሪያዎቹ 10 እና 15 ደቂቃዎች የሚያንሸራትቱት ለዚህ ነው። የተቀባ የመንገድ መስመር፣ የብረት ክዳንና እግር ያለሰለሰው ኮብልስቶን ላይ አይጠምዝዙ፣ ፍሬንም አይያዙ፤ ቀጥ ብለው ይለፉ።

ፍሬኑ ራሱም ሲረጥብ ዘግይቶ ይይዛል። የፍሬኑ ጎማ መጀመሪያ ውሃውን ከቸርኬው ላይ መጥረግ አለበት፤ ለዚህ ቸርኬው ሁለት ሦስት ዙር ይሄዳል፣ ማለትም ከ4 እስከ 6 ሜትር ያለ ፍሬን ያልፋሉ። መፍትሔው ለመቆም ከማሰብዎ በፊት እጀታውን ለስለስ አድርጎ መንካት ነው፤ ውሃው ከተጠረገ በኋላ ጠበቅ ያደርጉታል። በድሮ ብስክሌቶች ላይ ያለው የሚያብለጨልጭ የብረት ቸርኬ ሲረጥብ ከአሉሚኒየሙ እጅግ የባሰ ነው፤ የመቆሚያ ርቀትዎን በብዙ ያስረዝሙ።

ፍሬን ሲይዙ ክርክር የሚል ድምፅ ከሰሙ የፍሬኑን ጎማ ፈትተው ፊቱን ወደ ብርሃን ያዙሩት። ከጥቁሩ ጎማ ውስጥ የሚያብለጨልጩ ጥቃቅን ነጥቦች ይታያሉ፤ ከቸርኬው ተፍቀው የተሰኩ የአሉሚኒየም ቅንጣቶች ናቸው። በመርፌ ጫፍ አንድ በአንድ ነቅለው ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት ያሻሹት። ካልተነቀሉ ቸርኬውን መብላታቸውን ይቀጥላሉ።

የጎማውንም ነፋስ ይቀንሱ፤ 80 ፒ.ኤስ.አይ. የሚሞሉበትን ቀጭን ጎማ 70 ያድርጉት። ታቹ የማይታይ ኩሬ ውስጥም አይግቡ፤ ክዳኑ የተነሳ የፍሳሽ ጉድጓድ ከሥሩ ሊኖር ይችላል።

ጥያቄ፦ ጎማ ላይ ስለተቀመጥኩ መብረቅ አይነካኝም ብዬ ከልጄ ጋር ተወራረድኩ። ማን አሸነፈ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ልጅዎ። በአየር ውስጥ ኪሎ ሜትሮችን ሰንጥቆ የመጣ መብረቅን ጥቂት ሚሊ ሜትር ጎማ አያቆመውም። ብልጭታውን ሲያዩ መቁጠር ይጀምሩ፤ ድምፅ በ3 ሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ነጎድጓዱ 30 ሳይቆጥሩ ከተሰማ መብረቁ በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነውና ወዲያው ቤት ወይም የተዘጋ መኪና ውስጥ ይግቡ። ባሕር ዛፍ ሥር መቆም ከዝናቡ የባሰ አደጋ ነው፤ ጎኑ ክፍት የሆነ የታክሲ መጠበቂያም ከመብረቅ አያድንም። እንጦጦ ላይ ከሆኑ ከጫፉ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይውረዱና ብስክሌቱን ከእርስዎ አርቀው ያስቀምጡት። የመጨረሻውን ነጎድጓድ ከሰሙ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አይነሱ። በረዶ ከጣለ ሄልሜትዎን አያውልቁ፤ ቁልቁለቱ ላይ የተከመረውን በረዶም ብስክሌቱን እየገፉ በእግር ይለፉት።