ጥያቄና መልስ፦ የሜታ ክስና የአራዳዋ ጥበብ ሻጭ

ሰሞኑን ከጎንደር የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የፌስቡክ፣ የኢንስታግራምና የዋትስአፕ ባለቤት በሆነው ሜታ ላይ አሜሪካ ውስጥ ስለተመሠረተው የፀረ-ሞኖፖሊ (ገበያን ብቻውን ጠቅልሎ በመያዝ) ክስ ናቸው። የእኛ ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከማራኪ ግቢ አንድ ተማሪ፦ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ ሊሸጡ ነው ይባላል። ሜታ ተረታ እንዴ?

አልተረታም፤ ረታ። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2020 ሲከስ ሜታ ሁለቱን እንዲለቅ ጠይቆ ነበር። ዳኛ ጄምስ ቦስበርግ ግን ኖቬምበር 18 ቀን 2025 ኮሚሽኑ ሜታ ዛሬ ሞኖፖሊ መሆኑን አላስረዳም ሲሉ ወሰኑ። ነገሩን የቆረጠው «ገበያው የቱ ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። ኮሚሽኑ ገበያውን የወዳጅ ዘመድ መገናኛ ብሎ አጥብቦ፣ ቲክቶክንና ዩቲዩብን ከውድድሩ ውጭ አደረጋቸው። ዳኛው ደግሞ አሜሪካውያን ፌስቡክ ላይ ከሚያጠፉት ጊዜ የጓደኛ ልጥፍ የሚያዩበት 17 በመቶው፣ ኢንስታግራም ላይ ደግሞ 7 በመቶው ብቻ መሆኑን አይተው ቲክቶክንና ዩቲዩብንም ተፎካካሪ አሏቸው።

ከአዘዞ፦ ቴሌግራምም የሜታ ነው?

አይደለም። የእነ ፓቬል ዱሮቭ ነው።

ጡረታ የወጡ መምህር፣ ከፒያሳ፦ ሰው በገንዘቡ ገዝቶ ቢያድግ ምን ጥፋት አለው? መንግሥት ራሱ አሳልፎ፣ ስንት ዓመት ቆይቶ መክሰስስ ምን ይባላል?

ጋሼ፣ መግዛት አያስከስስም። የሚያስከስሰው ተፎካካሪን ለማጥፋት መግዛት ነው። ማርክ ዙከርበርግ በ2008 ከመወዳደር መግዛት ይሻላል ብሎ የጻፈው ኢሜይል በክሱ የተጠቀሰበት ለዚህ ነው። በመዘግየቱ ግን እውነትዎን ነው፤ እኔንም የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። ኢንስታግራም በ2012 በ1 ቢሊዮን፣ ዋትስአፕ በ2014 በ19 ቢሊዮን ዶላር ሲገዙ ያው ኮሚሽን ዝም ብሎ አሳለፋቸው። ፍርድ ቤቱ የመዘነው ደግሞ የዛሬውን ገበያ ነው። በግዢው ጊዜ ቲክቶክ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ፍርዱ እስኪደርስ ግን አድጎ ለተከሳሹ መከላከያ ሆነለት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ከአራዳ፣ ጥበብ ቀሚስ የምትሸጥ እህት፦ ጥምቀት ሁለት ሳምንት ሲቀረው የሽያጭ ገጿ ተዘጋ። የደንበኞቿ የወገብና የቁመት ልክ፣ የመረጡት ጥለት ፎቶ ሳይቀር ኢንቦክሷ ውስጥ ቀረ። አቤት ስትል የሚመልስላት ማሽን ነው። ከአሜሪካው ክስ ካሳ ይደርሰኛል ወይ ትላለች።

አይደርስሽም። ኮሚሽኑ የጠየቀው ኩባንያው እንዲከፋፈል እንጂ ለተጠቃሚ ካሳ አይደለም፤ ያም ቢሆን አልተሳካለትም።

ጥያቄሽ ግን የዚህ ሁሉ ክርክር እምብርት ነው። የውድድር ሕግ ጉዳትን መለካት የለመደው በዋጋ ነው። አገልግሎቱ በነጻ ሲሆን «ማን ተጎዳ?» ይባላል። ጉዳቱ በሌላ በኩል ይመጣል፦ ማስታወቂያው ይበዛል፣ የግል መረጃ ይወሰዳል፣ አቤት የሚባልበት ሰው ይጠፋል። ደንበኛው መሄጃ እንደሌለው የሚያውቅ ነጋዴ ለማስተናገድ አይጨነቅም። ዳኛው ቲክቶክ አማራጭ ነው ሲሉ ቪዲዮ ለሚያይ ሰው ልክ ናቸው። የዓመታት ደንበኞቿ አንድ ገጽ ላይ ላሉ ሻጭ ግን አማራጭ አይደለም፤ ገጽ ስትቀይር ደንበኞቿ አብረዋት አይሄዱም። ይህን ጉዳት ያ ፍርድ አልመዘነውም፤ ለእኔ ትልቁ ጉድለቱ ይህ ነው።

አሁን ግን ስሚኝ። ገጹ ተጠልፎ በስምሽ ብር የሚቀበል ሰው ካለ ዛሬውኑ ለፖሊስ አመልክቺ፣ ጠበቃም አነጋግሪ፤ ነገ አትበይ። ከእንግዲህም የደንበኛ ስልክና ልክ ደብተር ላይ ይጻፍ።

ናይሮቢ ያለው ክስ ከዚህ ጋር አንድ ነው?

አይደለም፤ አታምታቱት። እሱ በእኛ 2014 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ የተገደሉት የፕሮፌሰር መአረግ አማረ ልጅና ሌሎች፣ ፌስቡክ የጥላቻ ልጥፍ አሰራጭቷል ብለው ያቀረቡት ነው።

የእኛ አገርስ ሕግ የላትም?

አላት። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 (ዓመቱ በእኛ ነው) የገበያ የበላይነትን ያላግባብ መጠቀምን ይከለክላል፤ ሥልጣኑም ዛሬ የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ነው። አፍሪካዊ አገር አይችልም የሚለኝ ሰው ናይጄሪያን ይይ፦ የውድድርና የሸማቾች ኮሚሽኗ በ2024 ሜታን 220 ሚሊዮን ዶላር ቀጣ፣ በ2025 ደግሞ የይግባኝ ጉባኤው ቅጣቱን አጸናው። እንዲህ ያለ ምርመራ ከአቤቱታ ሊጀመር ይችላል። ስለዚህ ገጻችሁ የተዘጋባችሁ ነጋዴዎች ቀኑንና የደረሰባችሁን ኪሳራ ጽፋችሁ፣ የስክሪን ፎቶ አያይዛችሁ ለሚኒስቴሩ አስገቡ። አጻጻፉን የሕግ ባለሙያ ያሳያችኋል።