ሰርቨሩ ማክሰኞና ቅዳሜ ለምን ይጠፋል?

ከአዳማ አንድ የሠርግ ቪዲዮ ባለሙያ እንዲህ ሲል ጽፎልኛል።

«ጋሼ፣ የድሮ የቢሮ ዴስክቶፕ ላይ ኡቡንቱ የሚባለውን ሲስተም ጭኜ፣ አራት ሃርድ ዲስክ ገጥሜ የቤት ፋይል ሰርቨር አድርጌዋለሁ። የደንበኞቼ ሠርግ በሙሉ እዚያ ነው ያለው። ከሁለት ወር ወዲህ ዝም ብሎ ይጠፋል። መልእክት የለም፣ ምንም የለም። አብዛኛውን ጊዜ ማታ ነው፤ ማክሰኞና ቅዳሜ ይብሳል። ራም ቀየርኩ፣ ሲስተሙን እንደ አዲስ ጫንኩ፣ ለውጥ የለም። የመብራት ችግር እንዳልል፣ መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚይዝ ዩፒኤስ አለኝ፤ ከገዛሁት አራት ዓመት ሆኖታል። ማዘርቦርዱን ልቀይር ወይ?»

ወንድሜ፣ አትቀይር። ገና ነው።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር። ዛሬ ማታ፣ ሌላ ምንም ሳትነካ፣ የሰው ሠርግ ያለበትን ፋይል ወደ ውጭ ዲስክ ገልብጥና ዲስኩን ነቅለህ አስቀምጥ። አራቱን ዲስክ እንደ አንድ በሚያሠራ፣ ሬይድ በሚባል ዘዴ አያይዘሃቸው ቢሆንም ያው ነው። አብዛኛው ዓይነት ሬይድ አንድ ዲስክ ሲሞት ያድንሃል። ኃይል በተደጋጋሚ እየተቋረጠ ፋይሉ ሲበላሽ ግን አያድንህም። ሠርግ ሁለተኛ አይቀረጽም።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ሰርቨሩ የጠፋው ተዘግቶ ነው ወይስ ተቆርጦ? ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። ይህን ሳታውቅ ዕቃ መቀየር ገንዘብ መበተን ነው።

ለማወቅ ከባድ አይደለም። ሰርቨሩ ጠፍቶ ስታስነሳው ትዕዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት፣ ተርሚናልን፣ ክፈትና «ጆርናልሲቲኤል» ብለህ ጻፍ፤ ከዚያ ክፍተት፣ «ሰረዝ ቢ»፣ ክፍተት፣ «ሰረዝ አንድ»፤ በእንግሊዝኛ ፊደል journalctl -b -1 መሆኑ ነው። ይህ ከመጥፋቱ በፊት የነበረውን ሎግ፣ ማለትም ሲስተሙ ስለ ሥራው የሚጽፈውን መዝገብ፣ ያወጣልሃል። ወደ መጨረሻው መስመር ውረድ። አገልግሎቶቹ አንድ በአንድ «ቆመ፣ ቆመ» እያሉ ተሰናብተው ከሆነ ተዘግቷል። ማለትም አንድ ነገር ዝጋ ብሎ አዝዞታል። መስመሮቹ እንደ ወትሮው እየሄዱ ድንገት ባዶ ከሆኑ ግን ተቆርጧል። ኮምፒውተሩ ምንም ለመጻፍ ጊዜ አላገኘም ማለት ነው። ሲስተሙን እንደ አዲስ ስትጭን የድሮው ሎግ ሄዷል፤ ከዚያ ወዲህ የጠፋባቸው ቀኖች ግን ይበቁናል።

ሰዓቱን ስታነብ ተጠንቀቅ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ስትጭን የአዲስ አበባን ሰዓት ካልመረጥክ ሰርቨሩ የሚቆጥረው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ሎጉ ላይ 16፡10 የሚል ካየህ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1፡10 ነው። ይህን ሳታስተካክል «ከሰዓት በኋላ ነው የጠፋው» ብለህ ሙቀቱን ስትወቅስ ትከርማለህ።

ቀኑንና ሰዓቱን ወረቀት ላይ ካሰፈርክ በኋላ ቤት ውስጥ ጠይቅ፦ እንጀራ የሚጋገረው መቼ መቼ ነው?

ቀልድ አይደለም። ደብዳቤህን ሳነብ ዓይኔ ያረፈው «ማክሰኞና ቅዳሜ» የሚለው ላይ ነው። የተበላሸ ማዘርቦርድ ቀን አይመርጥም። ቀን የሚመርጠው የሰው ሥራ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። በ220 ቮልት ሲሰላ ከ14 እስከ 18 አምፔር መሆኑ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ምግብ በሚያበስልበት ምሽት፣ ከቆጣሪው የሚመጣው ሽቦ ቀጭን ወይም መጋጠሚያው የላላ ከሆነ፣ ምጣዱ ሲሰካ የቤቱ ቮልቴጅ ዝቅ ይላል። ድሮ አምፖሉ ደብዘዝ ሲል ይታወቅ ነበር። አሁን አብዛኛው የኤልኢዲ አምፖል ቮልቴጅ ቢወርድም ስለማይደበዝዝ ላይታወቅህ ይችላል።

«ዩፒኤስ አለኝ» ትለኛለህ። እኔም የምጠረጥረው እሱኑ ነው።

ዩፒኤስ ቮልቴጁ ከሚችለው በታች ሲወርድ «ጠቅ» ይልና ወደ ባትሪ ይዞራል። ውስጡ ያለው የሊድ አሲድ ባትሪ ዕድሜው ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው፤ በሙቀት ከዚያም ያጥራል። አዳማ ሞቃት ነው፣ ያንተው ደግሞ አራት ዓመቱ። ባትሪው ሞቶ ከሆነ ዩፒኤሱ ወደ ባትሪ በዞረበት ቅጽበት የሚሰጠው ነገር የለውም። ሰርቨሩ ይቆረጣል። የቤቱ መብራት ግን ስላልሄደ ማንም ዩፒኤሱን አይጠረጥርም። አንዳንዱ ዩፒኤስ ራሱን በየጊዜው ይፈትናል፤ ባትሪው ከሞተ ፈተናው ራሱ ሰርቨሩን ያጠፋዋል።

ይህን የተማርኩት ከራሴ ስህተት ነው። አንድ ደንበኛ ልክ እንዳንተ «ዩፒኤስ አለኝ» ሲለኝ አመንኩት። ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ኃይል የሚያድለውን ፓወር ሰፕላይ ቀየርኩለት፣ አስከፈልኩት። በሦስተኛው ቀን ደወለ፦ «ጠፋ»። ሄጄ ዩፒኤሱን ስከፍት ባትሪው አልወጣ አለኝ። ጎኑ አብጦ ከሳጥኑ ግድግዳ ጋር ተጣብቋል። በስንት ትግል ሲወጣ ክዳኑ ተሰንጥቆ፣ ተርሚናሉ ላይ ነጭ ዱቄት ይዞ ነበር። ፊት ለፊት ያለው አረንጓዴ መብራት ግን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እየበራ ነበር። ገንዘቡን መለስኩለት። ከዚያ ወዲህ የሰው ቤት ስገባ መጀመሪያ የምፈትሸው ዩፒኤሱን ነው።

አንተም ፈትሸው፤ በሰርቨሩ ግን አይደለም። ሰርቨሩን በሥርዓት ዝጋና ከዩፒኤሱ ንቀለው። በምትኩ ጉዳት የማያመጣ ጭነት ስካበት፤ ቴሌቪዥን ወይም የድሮ ባለ 100 ዋት አምፖል ይሆናል። ከዚያ ዩፒኤሱን ከግድግዳው ንቀልና ሰዓት ያዝ። ደቂቃዎች ከቆየ ደህና ነው። በሰከንዶች ውስጥ ከጠፋ ወንጀለኛው ተገኘ። ባትሪውን ብቻውን አውጥተህ በቴስተር ብትለካው ሊያታልልህ ይችላል። የሞተ ባትሪም ጭነት ሳይኖርበት ከ12 ቮልት በላይ ሊያሳይ ይችላል፤ ጭነት ሲያገኝ ነው የሚወድቀው።

አዲስ ባትሪ ስትገዛ የድሮውን ጎን አንብብ። ብዙ ጊዜ 12 ቮልት፣ 7 ወይም 9 አምፔር-ሰዓት ይላል። ቮልቱ መለየት የለበትም፣ መጠኑም ሳጥኑ ውስጥ መግባት አለበት። ያበጠውን አትውጋው፣ ልጆች አጠገብም አትተወው።

ባትሪው ደህና ሆኖ ከተገኘ ፓወር ሰፕላዩ ተራው ነው። ዩፒኤስ ወደ ባትሪ ሲዞር ጥቂት ሚሊሰከንድ ኃይል ይቋረጣል። ጤነኛ ፓወር ሰፕላይ ውስጡ ባጠራቀመው ወደ 16 ሚሊሰከንድ ያህል ስለሚቆይ ኮምፒውተሩ አይሰማውም። ያረጀ ፓወር ሰፕላይ ግን ኃይል የሚያጠራቅመው ካፓሲተሩ ስለደረቀ ያንን ክፍተት መሻገር ያቅተዋል። በዚያ ላይ አንድ ትልቅ ሃርድ ዲስክ መሽከርከር ሲጀምር ከ12 ቮልቱ መስመር ወደ 2 አምፔር ይስባል። አራቱ አንድ ላይ ሲነሱ ወደ 100 ዋት ይጠጋል። የቢሮ ዴስክቶፕ ፓወር ሰፕላይ ደግሞ የተሠራው ለአንድ ወይም ለሁለት ዲስክ ነው። ዲስኮቹ ሥራ ሲፈቱ እንዲተኙ አድርገህ ከሆነ ያንን አጥፋው፤ ተኝተው አብረው ሲነቁ ያንኑ ጭነት ነው የሚደግሙት። ጥሩ መሆኑን የምታውቀው ሌላ ፓወር ሰፕላይ ተውሰህ ሁለት ሳምንት ሞክር። የራስህን ግን ክዳኑን አትክፈት። ከተነቀለ በኋላም ገዳይ ቮልቴጅ ሊይዝ ይችላል።

ሙቀቱን በአጭሩ ልንገርህ። ሰርቨሩ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ከሆነ አውጣው። የፕሮሰሰሩን ማራገቢያ አንስተህ እይ፤ አቧራው ሥሩ እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፎ ታገኘው ይሆናል። አጽዳው፣ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባውን ቴርማል ፔስት አድስ። ዲስኮቹ ከ45 ዲግሪ ባይበልጡ እመርጣለሁ። ያንተ ችግር ግን የማታ ስለሆነ ሙቀት ዋናው አይመስለኝም።

ሎጉ «ተዘግቷል» ካለህ መንገዱ ሌላ ነው። የዴስክቶፕ ኡቡንቱ ከሆነ ራሱን የማስተኛት ቅንብሩን አጥፋ። ዩፒኤሱ በዩኤስቢ ከሰርቨሩ ጋር ተገናኝቶ ከሆነ «ባትሪ አለቀ» ብሎ ያስዘጋው እሱ ሊሆን ይችላል፤ ያም ወደዚያው ባትሪ ይመልስሃል። የማስነሻው ቁልፍ ተጣብቆም ሊሆን ይችላል። የቁልፉን ሽቦ ከማዘርቦርዱ ንቀልና ጥቂት ቀን እይ።

ባትሪው ከተቀየረ በኋላም የምጣዱ ነገር አይቀርም። ምጣዱና ሰርቨሩ አንድ ዲቫይደር ላይ ከሆኑ ዛሬውኑ ለያቸው፤ ዲቫይደሩ ራሱ ሊቃጠል ይችላል። ለምጣዱ ከብሬከሩ ጀምሮ የራሱን መስመር በወፍራም ሽቦ የሚዘረጋ ኤሌክትሪሺያን ጥራ፤ የቆጣሪውንም መጋጠሚያ እንዲያጠብቅ ንገረው። ዜሮ የሚባለው መመለሻ ሽቦ ላልቶ ከሆነ ቮልቴጁ ሊወርድም ከልክ በላይ ሊወጣም ስለሚችል ይህን ለነገ አትበል።

ቅዳሜ ምጣዱ ከመሰካቱ በፊት ሰርቨሩ ያለበትን ሶኬት በቴስተር ለካ። ምጣዱ ሲግል ደግመህ ለካ። ሁለቱን ቁጥሮችና የሎጉን የመጨረሻ መስመር ላክልኝ፤ ከዚያ እንቀጥላለን።