በሬው አይሸጥ

የጻፍክልኝ ነገር ባጭሩ ይህ ነው፦ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቀህ ፍኖተ ሰላም አጠገብ አባትህ ቤት ተቀምጠሃል። አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት የሥራ ፈተና ሰጠህ፤ የክላውድ ኦብጀክት ስቶሬጅን (በኢንተርኔት በኩል ፋይል የሚቀመጥበትን ማከማቻ) ከሊኑክስ ሰርቨር ጋር አገናኝተህ እንደ ተራ ፎልደር እንዲከፈት ማድረግ። አደረግኸው፣ ሠራ። ፈታኙ ሰርቨሩን አጥፍቶ ሲያስነሳው ግን ፎልደሩ ባዶ ሆነ፤ ወደቅህ። አሁን አባትህ ካሏቸው ሁለት በሬዎች አንዱን ሸጠው የክላውድ ሰርተፍኬት ኮርስ ሊያስተምሩህ ነው፤ የባንክ የሥራ ፈተናም ውሰድ ብለውሃል።

በሬው አይሸጥ። ይህን ዛሬውኑ ንገራቸው። ጥማዱ ከተፈታ፣ ሐምሌ ላይ ጤፍ ሊዘራ ሲል መቀናጆ ፍለጋ ጎረቤት ደጅ የሚቆሙት እሳቸው ናቸው። ደግሞስ አንተን የጣለችህ አንዲት መስመር ናት፤ ለአንዲት መስመር በሬ አይሸጥም።

ባኬቱ (ክላውዱ ላይ ያለው የፋይል ማስቀመጫ) ውስጥ ያለው ፋይል አልጠፋም። ኤፍኤስታብ (fstab፣ ሰርቨሩ ሲነሳ የትኛው ማከማቻ የት እንደሚገናኝ የሚነግረው ፋይል) ላይ የጻፍከው ማውንት፣ ማለትም ማገናኛው መስመር፣ ኔትወርኩ ሳይነሳ በፊት ተሞክሮ ከሽፏል። ኤስ3ኤፍኤስ (s3fs፣ ባኬቱን እንደ ፎልደር የሚያሳየው ፕሮግራም) በፊውዝ (FUSE፣ ተራ ፕሮግራም ማከማቻን እንደ ፎልደር እንዲያቀርብ በሚያስችለው የሊኑክስ ክፍል) በኩል ስለሚሠራ ሊኑክስ ኔትወርክ እንደሚፈልግ በራሱ አያውቅም፤ በዚያችው መስመር አማራጮች ላይ «_ኔትዴቭ» (_netdev) ብለህ ልትነግረው ይገባል። «ኖፌይል»ም (nofail) ጨምርበት፤ ክላውዱ ባይገኝ እንኳ ሰርቨሩ ሳይነሳ እንዳይቀር።

ከዚህ የከፋም አለ፤ ፈታኙ የፈራው ይህን ይመስለኛል። ፎልደሩ ሳይገናኝ የባክአፕ ስክሪፕት (መጠባበቂያ ቅጂ በራሱ የሚያስቀምጥ አጭር ፕሮግራም) ከሠራ፣ ፋይሉ የሚጻፈው ሰርቨሩ የራሱ ዲስክ ላይ ነው። ምንም ስህተት አይታይም። ማውንቱ ሲመለስ ያ ፋይል ከሥሩ ተሸፍኖ ይቀራል፤ ዲስኩ እየሞላ ነው፣ ፎልደሩን ብትከፍት ግን አታገኘውም። ስለዚህ ስክሪፕቱ መጀመሪያ በ«ማውንትፖይንት» (mountpoint) ትእዛዝ ፎልደሩ መገናኘቱን ያረጋግጥ፤ ካልተገናኘ ይቁም።

ለልምምድ የባንክ ካርድም ሆነ የክላውድ አካውንት አያስፈልግህም። ላፕቶፕህ ላይ ሚኒዮ (MinIO) የሚባለውን ፕሮግራም ጫን፤ የኤስ3ን (የአማዞንን ኦብጀክት ስቶሬጅ) ቋንቋ የሚናገር ስቶሬጅ ነው፣ በፖርት (በኔትወርክ በር ቁጥር) 9000 ጥያቄ ይቀበላል። ቨርቹዋልቦክስ (ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚያስነሳ ፕሮግራም) ውስጥ ዴስክቶፕ የሌለው ኡቡንቱ (አንዱ የሊኑክስ ዓይነት) አስነሳና ከሚኒዮ ጋር አገናኘው። ኤስ3ኤፍኤስ ላይ «ዩዝ_ፓዝ_ሪኩዌስት_ስታይል» (use_path_request_style) ካላልክ የባኬቱን ስም ከአድራሻው ፊት ይለጥፍና ሰርቨሩን ያጣዋል። የስቶሬጁን መግቢያ ቁልፎች የያዘው ፋይል ፈቃዱ 600 (ባለቤቱ ብቻ የሚያነብና የሚጽፍበት) ይሁን፤ ለሌላ ሰው ክፍት ከሆነ ፕሮግራሙ እምቢ ይልሃል። ዌብ ሰርቨሩ ፎልደሩን እንዲያነብ ደግሞ «አላው_አዘር» (allow_other) ያስፈልጋል፤ ያለሱ ያገናኘው ተጠቃሚ ብቻ ነው የሚያየው።

ወደ እውነተኛው ክላውድ ስትሄድ ሰዓትህን ተመልከት። መብራት ሲሄድ፣ የሰዓት ባትሪዋ ያለቀ አሮጌ ማሽን ቀኗን ትረሳለች። ከክላውዱ ሰዓት ያላት ልዩነት ከ15 ደቂቃ ካለፈ ኤስ3 በ403 («አይፈቀድም» በሚለው የስህተት ቁጥር) ይመልስሃል፤ ብዙ ሰው ቁልፉ የተበላሸ መስሎት ሲቀያይር ይውላል።

«ማይኤስኪውኤልንስ እዚያ ላይ ባስቀምጠው?» ብለሃል፤ ዳታቤዙን ማለትህ ነው። በፍጹም። ኦብጀክት ስቶሬጅ የፋይልን መካከል ለይቶ አያርምም፤ ስም መቀየር እንኳ ኮፒ አድርጎ የድሮውን መሰረዝ ነው። ባክአፕ፣ ፎቶና የቆየ ሎግ (የሰርቨሩ የሥራ መዝገብ) ይቀመጥበት።

የባንኩን ፈተና አባትህ እንዳሉት ውሰድ፤ ደሞዙ እጅህን ያስፈታልሃል፣ ማታው ያንተ ነው። እንግሊዝኛህ የስህተት መልእክት አንብቦ ለመረዳት ከበቃ ለጊዜው ይበቃል። ሥራ ሳታገኝ አዲስ አበባ ቤት አትከራይ፤ ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር ሆስፒታሉም ኮሌጁም ሰርቨር አለው፣ ባክአፑን ማን እንደሚይዘው ሄደህ ጠይቅ። ሰርቨር የሚጠብቅ ሰው ተፈላጊነቱ ከተማ አይመርጥም።

እስከዚያው ቨርቹዋል ማሽንህን አሥር ጊዜ አጥፍተህ አስነሳ፤ ፎልደሩ አሥሩንም ጊዜ መመለስ አለበት። ከዚያ የተስተካከለችዋን መስመር፣ ምክንያቷን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጽፈህ ለጣለህ ድርጅት ላክላቸው።