641 እንዴት ተገኘ?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የአምዱ አዘጋጆች፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የሒሳብ መምህራችን 4,294,967,297 ብቸኛ ቁጥር እንዳልሆነ፣ ማለትም ከ1 እና ከራሱ ሌላ አካፋይ እንዳለው ነግረውን ነበር። እኔ ግን እስከ 100 ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ባካፍለው ቀሪ ይተርፈኛል። መምህራችን ተሳስተው ይሆን? ካልተሳሳቱስ ኮምፒውተር ባልነበረበት ዘመን ይህ እንዴት ታወቀ?

መልስ፦ መምህርዎ አልተሳሳቱም፤ የእርስዎም ስሌት ትክክል ነው። ከ1 ቀጥሎ ያለው የቁጥሩ ትንሹ አካፋይ 641 ስለሆነ እስከ 100 ድረስ ሊያገኙት አይችሉም ነበር።

ቁጥሩ የሚገኘው 32 ሁለቶች እርስ በርሳቸው ተባዝተው በውጤቱ ላይ 1 ሲደመር ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ የሁለቶቹ ብዛት 1፣ 2፣ 4፣ 8 እና 16 ሲሆን የሚገኙት 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 ብቸኛ መሆናቸውን አይቶ፣ ብዛቱ በእጥፍ እያደገ ሲሄድም ነገሩ በዚሁ እንደሚቀጥል አመነ። ቀጣዩ ግን የእርስዎ ቁጥር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1732 ሊዮናርድ ኦይለር የ641 እና የ6,700,417 ብዜት መሆኑን አሳየ።

በጭፍን ቢፈለግ እስከ 65,536 ያሉትን 6,542 ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር ያስፈልግ ነበር። ኦይለር ቆየት ብሎ ባቀረበው ማረጋገጫ ግን የዚህ ቁጥር አካፋይ ሁሉ በ64 ሲካፈል 1 ሊተርፈው ግድ እንደሆነ አስረዳ። በዚህ ወንፊት ከተነፋ በመጀመሪያ የሚቀሩት ብቸኛ ቁጥሮች 193፣ 257፣ 449፣ 577 እና 641 ናቸው፤ አምስተኛው ሙከራ ላይ ተገኘ ማለት ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ወንፊቱ የተሠራው ፌርማ ራሱ ስለ ብቸኛ ቁጥሮች ባገኘው ሕግ መሆኑ ነው፤ መሣሪያው በእጁ ነበር።

ትልቁን ቁጥር ሳይነኩ በእርሳስ ማረጋገጥም ይቻላል። ስምንት ሁለቶች ሲባዙ 256 ይሆናሉ። 256ን በራሱ ሲያባዙት 65,536 ይሆናል፤ ይህም በ641 ሲካፈል 154 ይተርፋል። ከዚህ በኋላ የሚያስፈልግዎ ቀሪው ብቻ ስለሆነ 154ን በራሱ ያባዙት፤ 23,716 ይሆናል፣ በ641 ሲካፈልም የሚተርፈው 640 ነው። 1 ሲጨምሩበት 641 ይሞላና ቀሪው ዜሮ ይሆናል። በ577 ተመሳሳዩን ቢያደርጉ መጨረሻ ላይ 288 ይተርፍዎታል።

6,700,417 ራሱ ብቸኛ ቁጥር ስለሆነ የእርስዎ ቁጥር ከዚህ በላይ አይተነተንም። በፌርማ ተርታ ከ65,537 በኋላ ሌላ ብቸኛ ቁጥር እስካሁን አልተገኘም፤ ፈጽሞ እንደሌለ ግን ማንም አላረጋገጠም።