የዙም ተሳታፊዎች የራሳቸው ድምፅ ተመልሶ ሲመጣባቸው

ሰላም ወዳጄ። አዳራሹ ጥሩ እየሰማ፣ በዙም የገቡት ግን የራሳቸው ድምፅ እየተመለሰ አስቸገራቸው ብለሃል። አዲስ ካሜራ ከመግዛትህ በፊት ድምፁን አስተካክል። ምስሉ ቢደበዝዝ ሰው ይታገሳል፣ ድምፅ ከተበላሸ ግን ጥሎ ይወጣል።

ዙም ወደተከፈተበት ላፕቶፕ የሚሄደውን ድምፅ ከሚክሰሩ (ድምፆችን ከሚቀላቅለው መሣሪያ) ዋና መውጫ አትውሰድ። «ኦክስ» (AUX) ከሚለው፣ የትኛው ድምፅ እንደሚወጣበት ለብቻው ከምትመርጥበት መውጫ ውሰድ። የማይኮቹን የኦክስ ቁልፍ ክፈት፣ ከዙም የሚገባውን ቻናል የኦክስ ቁልፍ ደግሞ ጭራሽ ዜሮ ላይ አድርገው። ያኔ የኦንላይኑ ሰው ሲናገር አዳራሹ ይሰማዋል፣ ወደ ራሱ ግን አይመለስም። ማይክ የሌለው የአዳራሽ ጠያቂ ድምፁ ኦንላይን ላሉት እንደማይሰማም አትርሳ፤ ለእሱ አንድ ገመድ አልባ ማይክ ያዝለት።

ኢንተርኔቱን በኬብል አድርገው፣ ዋይፋዩን ለታዳሚው ተውለት። ምስልና ድምፁን በሰከንድ በ6 ሜጋቢት የምትልክ ከሆነ የአፕሎድ (የመላኪያ) ፍጥነትህ ቢያንስ እጥፉ ይሁን።